የጋሼ አንቀጽ ሕግና የቤተሰባቸው መልስ

ዛሬ የምንሸኛቸው ባል፣ አባትና አያት፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ አንቀጽ» እያለ የሚጠራቸው ሕግ አርቃቂ፣ ከአባታቸው ከግንበኛውና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ ሚያዝያ 3 ቀን 1944 ዓ.ም. በታችኛው ሰፈር፣ ከወንዙ ሦስተኛ በሆነችው ቤት ተወለዱ። ቤቲቱ ሁለት ክፍል ነበረች። በሰው ቤት የበር መቃን ላይ የልጆች ቁመት በእርሳስ ይሰመራል፤ በእነሱ መቃን ላይ ግን አባታቸው የሚያሰምሩት ወንዙ በየክረምቱ የደረሰበትን ልክ ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመት የሚበልጧቸው ብቸኛ እህታቸው እቴቴ ትንሹን ወንድማቸውን መቃኑ ሥር እያቆሙ «አይዞህ፣ ዘንድሮ ከውሃው በሁለት ጣት በልጠሃል» ይሏቸው እንደነበር ራሳቸው ጋሼ አንቀጽ እየሳቁ ያወሩን ነበር።

ስምንት ዓመት ሲሞላቸው እናታቸው አረፉ። የሃያ ዓመቷ እቴቴ በእናታቸው ስፌት መኪና ላይ ተቀምጠው ከዚያ ወንበር ለሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አልተነሡም ማለት ይቻላል። ትዳር ሲመጣላቸው «መጀመሪያ ይሄን ልጅ ላድርሰው» እያሉ መለሱ፤ ልጁ ሲደርስ ደግሞ ጠያቂው ሁሉ አግብቶ ጨርሶ ነበር። ይህን ሲናገሩ ቅር ብሏቸው አያውቅም። ወንድማቸው ግን በሰሙት ቁጥር አንገታቸውን ይደፉ ነበር።

ጋሼ አንቀጽ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታትለዋል። ገና በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ለጎረቤት ማመልከቻ ይጽፉ ጀመር። አንዲት መበለት በአጥር ጉዳይ ያጻፏቸውን ማመልከቻ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም አንብበው «የትኛው ጠበቃ ነው የጻፈልዎት?» ቢሉ፣ ሴትዮዋ «የልብስ ሰፊዋ ወንድም ነው ጌታዬ፤ ድምፁ እንኳ ገና አልጎረነነም» ብለው መለሱ ይባላል። እቴቴ ይህን ታሪክ ደንበኛ በመጣ ቁጥር መናገራቸውን አልተዉም።

በ1962 ዓ.ም. የሕግ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1967 ዓ.ም. በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቀው በዚያው ዓመት በከተማቸው ማዘጋጃ ቤት በሕግ አገልግሎት ክፍል ጸሐፊነት ተቀጠሩ። ሥራቸው የገበያ ቦታ ውል ማዘጋጀትና የተጣላ ጎረቤት ማስታረቅ ነበር፤ ይህም እስከ ነሐሴ 1969 ዓ.ም. ድረስ ቀጠለ። በዚያ ወር አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ የላይኛው ግድብ ተደረመሰ ሲባል ሰማና ማንንም ሳይጠይቅ የከተማውን ሳይረን አስጮኸ። የታችኛው ሰፈር ሰው በሙሉ ነቅሎ ወደ ድልድዩ ሮጠ። ግድቡ አልተደረመሰም፤ ጠብታ ውሃ አልመጣም። ድልድዩ ላይ ግን ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ተረጋግጦ ሞተ።

ድልድዩ ላይ የቀረውን ዕቃ የመመዝገብ ሥራ ለወጣቱ ጸሐፊ ተሰጠ። ስልሳ ሦስት ጫማ መዘገቡ፤ ከስልሳ ሦስቱ አንድ እንኳ ጥንድ የሆነ አልነበረም። እያንዳንዱን በቀለሙ፣ በልኩና በእግሩ ጻፉ፦ «ግራ፣ ቡናማ፣ የልጅ»። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጫማ ክር ሁለት ጊዜ ሳይቋጥሩ ከቤት ወጥተው አያውቁም፤ የልጆቻቸውንም ተንበርክከው ሁለት ጊዜ ይቋጥሩ ነበር። እኛ ቤት ያደገ ሁሉ ዛሬም እንደዚያው ያስራል፤ ምክንያቱን የነገሩን ግን ካደግን በኋላ ነው።

በ1972 ዓ.ም. በዚያው ከተማ የሒሳብ አስተማሪ ከነበሩት ከወይዘሮዋ ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው እንደሚሉት የጋብቻ ጥያቄው በሦስት ንዑስ አንቀጽ ተከፍሎ ነው የቀረበላቸው፤ «ሁለቱን ወዲያው ተቀበልኩ፣ ሦስተኛውን ለድርድር አቆየሁት»። ሦስተኛው ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልነገሩንም። ከዚህ ትዳር ሦስት ልጆች ተወለዱ፦ ነርሷ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩና ጠበቃዋ።

በ1973 ዓ.ም. ወደ ዋናው ከተማ ተጠርተው በብሔራዊ የአደጋ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት የሕግ አርቃቂ ሆኑ። ቢሮአቸው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ መስኮቱ ገጥሞ የማይዘጋ ክፍል ነበር፤ ነፋስ ወረቀቱን እንዳይወስድባቸው ከወንዝ ዳር ባመጧቸው ድንጋዮች ይጫኑት ነበር። እስከዚያ ጊዜ ድረስ አገሪቱ ስለ አደጋ የነበራት ሕግ በስድስት ቦታ የተበታተነ መመሪያ ነበር። እሳት የአንዱ ነው፣ ጎርፍ የሌላው ነው፣ የተፈናቀለ ሰው ግን የማንም አይደለም። ጋሼ አንቀጽ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ቤተሰቡም አብሮ፣ ከዚያ ሕግ ጋር ኖሩ። ገበታ ላይ ልጆች ሲጣሉ «በመጀመሪያ ትርጓሜው ላይ እንስማማ» ስለሚሉ ነው ያ ስም የወጣላቸው፤ ያወጡላቸውም እቴቴ ናቸው።

ሕጉ በ1979 ዓ.ም. በሰማንያ አራት አንቀጽ ጸደቀ። ስለ ዝግጅት፣ ስለ ምላሽና ስለ መልሶ ማቋቋም በአንድ ላይ የተናገረ የመጀመሪያው ሕግ ነው። ብርድ ልብስና ድንኳን በየወረዳው መጋዘን ከክረምት በፊት እንዲቆጠር ያዘዘው እሱ ነው። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ልጁን በደረሰበት ትምህርት ቤት እንዲያስገባ፣ «ማስረጃ አምጣ» እንዳይባል የደነገገውም እሱ ነው። «ማስረጃው ውሃ ውስጥ ነዋ፤ ምን ብሎ ያምጣ?» ብለው ለአንድ ቀን ተኩል ተከራክረው ያስገቡት አንቀጽ ነው። ዛሬ ከዚህ ከተሰበሰብነው መካከል በዚያ አንቀጽ ትምህርቱን ሳያቋርጥ ያለፈ ሰው አለ፤ ራሱን ያውቃል።

በዚያው ሕግ ውስጥ ግን ሌሎች ሁለት አንቀጾች ነበሩ። ቤተሰቡ ይህን ዛሬ ለምን ያነሣል የሚል ቢኖር፣ እንዲነሣ የጠየቁት ራሳቸው ናቸው። ዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ የየትኛውም ከተማ ሳይረን የውሃ መሐንዲሱና የከተማው አስተዳዳሪ ሁለቱም ካልፈረሙ እንዳይጮህ ከለከለ። ዐሥራ ዘጠነኛው አንቀጽ ደግሞ ማስጠንቀቂያ በይፋ ሳይነገር በፊት ማንም ባለሥልጣን ወይም የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ለገዛ ዘመዱ ቀድሞ እንዳይናገር አገደ። የመጀመሪያውን የጻፉት ስልሳ ሦስቱን ጫማ እያሰቡ ነው። ሁለተኛውን የጻፉት ደግሞ ትልቅ ሰው ቤተሰቡን አሽሽቶ ድሃውን እንዳይረሳው ነው። ሁለቱም በጨዋ ልብ የተጻፉ ነበሩ። ሁለቱንም በእጃቸው ጻፉ።

የዝግጅቱንም ጉዳይ ለሌላ ሰው አልተዉትም። በየዓመቱ በተወለዱበት ከተማ በሚደረገው የአደጋ ልምምድ ላይ ለዐሥራ አንድ ዓመት ተከታታይ ቁስለኛ ሆነው ተሳትፈዋል። አንገታቸው ላይ «የጭን ስብራት» የሚል ካርቶን ይንጠለጠላል፤ በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ኮረብታው ላይ ይወጣሉ። ሰውየው ገዘፍ ያሉ ስለነበሩ ተሸካሚዎቹ ያማርሩ ነበር፤ እሳቸውም ከቃሬዛው ላይ ሆነው «ቁስለኛ አይናገርም እንጂ ቀኙን ዝቅ አድርገኸዋል» ይላሉ። እቴቴ ከበራቸው ላይ ቆመው ተሸካሚዎቹ ወንድማቸውን ይዘው ሲያልፉ ሲያዩ እንባቸው እስኪፈስ ይስቁ ነበር።

ነሐሴ 9 ቀን 1991 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ቤታችን ያለው ስልክ ጮኸ። የደወሉት በተወለዱበት ከተማ የሳይረኑ ኃላፊ የነበሩት ሰው ናቸው፤ ሁሉም «ባለ ሳይረኑ» ይላቸዋል፤ በየዓመቱ ልምምድ ላይ ስለሚገናኙ ከጋሼ አንቀጽ ጋር ይዋደዱ ነበር። ወንዙ ከላይ በኩል ቀዩን ምልክት አልፏል። መሐንዲሱ ፈርመዋል። አስተዳዳሪው ግን ለዘመድ ጥየቃ ወደ ሌላ ከተማ ሄደዋል፤ ሊገኙ አልቻሉም።

«ጋሼ፣ አንድ ፊርማ ነው ያለኝ። ላስጩኸው?»

«ሕጉ ሁለት ነው የሚለው።»

«እሱማ ገብቶኛል። ሕጉን የጻፉት እርስዎ ስለሆኑ ነው የምጠይቅዎት። ውሃው ፊርማ አይጠብቅም እኮ።»

ባለቤታቸው አጠገባቸው ነበሩ። ጋሼ አንቀጽ «ብታስጮኸውና ውሃው ባይመጣ፣ ድልድዩ ላይ የሚሞተው ሰው በአንተ ነው የሚጠየቀው። ጠብቅ። ሁለተኛውን እኔ አፈላልግልሃለሁ» አሉና ስልኩን ዘጉ። ወዲያው አስተዳዳሪውን ማፈላለግ ጀመሩ፤ ሰባት ቦታ ደወሉ። በመካከል ባለቤታቸው «ለእቴቴ ደውልላት» አሏቸው። «ለእሷ ከነገርኩ ለሁሉም መንገር አለብኝ፤ ለሁሉም ለመንገር ፊርማ ያስፈልጋል» ሲሉ መለሱ። ባለቤታቸው ስልኩን ከእጃቸው ቀምተው እቴቴ ዘንድ ሲደውሉ፣ ስልኩ እስኪቋረጥ ጠራ እንጂ ያነሳው አልነበረም።

ሁለተኛው ፊርማ የተገኘው ከአምስት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ላይ ነው። ሳይረኑ ሲጮህ ውሃው ሁለተኛዋን ቤት አልፎ ሦስተኛዋ ቤት ገብቶ ነበር። በዚያ ጠዋት ሠላሳ አንድ ሰው አለቀ። እቴቴን ያገኟቸው በማግስቱ፣ ከስፌት መኪናቸው ጋር ነው። የበሩ መቃን አልወደቀም ነበር፤ ጭቃው ከአባታቸው መስመሮች ሁሉ በላይ ደርሶ ነበር።

ጋሼ አንቀጽ የእህታቸውን ሬሳ ራሳቸው ተቀበሉ። አላለቀሱም። ባለቤታቸው እንደሚሉት ከዚያ ቀን በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል የቤቱ ስልክ ሲጮህ ቆመው ያዩታል እንጂ አያነሱትም። እኛ ልጆች ያን ጊዜ አባታችን ለምን እንደዚያ እንደሆነ አልገባንም፤ ሲገባን ደግሞ ተቆጣናቸው። ይህንንም ሳንጽፈው ብናልፍ ደስ ባላቸው ነበር አንልም፤ መሸፋፈን አይወዱም።

ሕዝቡ ተቆጥቶ ነበርና ጥፋተኛ የሚለው ሰው ፈለገ። ተጠርጣሪ ሆነው የተከሰሱት ባለ ሳይረኑ ናቸው፤ ቁልፉ በእጃቸው፣ ውሃው በዓይናቸው እያለ አርባ ሰባት ደቂቃ ቁጭ ብለዋል ተባለ። መሥሪያ ቤቱ ጋሼ አንቀጽ ፍርድ ቤት እንዳይቀርቡ መከራቸው። እሳቸው ግን ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው ቀረቡ። ዳኛው «ከተከሳሹ ጋር ምን ያገናኝዎታል?» ብለው ሲጠይቋቸው «ጠይቆኝ ነበር፤ ጠብቅ ያልኩት እኔ ነኝ። ያ አንቀጽም የእኔ ነው። በዚያን ጊዜ ውስጥ እህቴ ቤቷ ውስጥ ነበረች፤ ለእሷም አልደወልኩም፤ ያም አንቀጽ የእኔ ነው» አሉ። ባለ ሳይረኑ በነፃ ተለቀቁ።

ጋሼ አንቀጽን ግን የሚከስ አልተገኘም። የአጣሪ ኮሚቴው ሪፖርት በመጨረሻው ገጽ ላይ «ሕጉ በትክክል ተፈጽሟል» ይላል። ያችን ገጽ አጥፈው በደረት ኪሳቸው ይዘዋት ይዞሩ ነበር፤ ወረቀቷ ስታልቅ በእጃቸው ይገለብጧታል። ባለ ሳይረኑም ነፃ ወጡ ይባል እንጂ በዚያ ከተማ ሰላም የሚላቸው ጠፋ። ሱቅ ሲገቡ ወሬ ይቆማል። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤተሰባቸውን ይዘው ከተማውን ለቀቁ፤ ጋሼ አንቀጽ በየዓመቱ በነሐሴ እየሄዱ ይጠይቋቸው ነበር። ባለ ሳይረኑ ከዐሥር ዓመት በፊት እስኪያርፉ ድረስ አንድም ነሐሴ አልቀረባቸውም።

ከፍርዱ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ጋሼ አንቀጽን ወደ ምድር ቤቱ መዝገብ ክፍል አዛወራቸው። ከዚያ ክፍል፣ ከአቧራና ከቆርቆሮ መደርደሪያ መካከል ሆነው፣ ሕጉን ለማሻሻል ያልደከሙበት ቀን የለም። በ1992 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የማሻሻያ ረቂቅ አስገቡ፤ መልስ አልመጣም። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አስገቡ። በ2004 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ጽዋ ተነሣላቸው፣ የግድግዳ ሰዓት ተሰጣቸው፣ በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ ረቂቁን ይዘው በሩ ላይ ተገኙ። ጥበቃው «ጋሼ፣ ጡረታ ወጥተዋል እኮ» ቢላቸው «እኔ ወጥቻለሁ፤ አንቀጹ አልወጣም» አሉት።

የፈለጉት ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ወንዙን የሚያይ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሳይረኑን ብቻውን እንዲያስጮህ። ሁለተኛ፣ በቅን ልቦና ያስጠነቀቀ ሰው አደጋው ባይደርስም፣ በማስጠንቀቂያው ምክንያት ጉዳት ቢደርስም እንኳ እንዳይከሰስ። ድልድዩን ግን አልረሱትም። በጉልበት ሕመማቸው፣ በእጃቸው ሰዓት ይዘው ከታችኛው ሰፈር ወደ ኮረብታው የሚያወጡትን መንገዶች አንድ በአንድ በእግራቸው ለኩ። ድልድዩን ሳይነኩ የሚያወጡ አምስት መንገዶች አገኙ። የከተማው አስተዳደር ደረጃ እንዲሠራባቸው ለአራት ዓመት ጨቀጨቁ፤ ሲሠራ ደግሞ ቢጫ ቀለም ገዝተው ቀስቶቹን በየግድግዳው ላይ ራሳቸው ቀቡ። ያ ቀለም ከጥቁር ሱፋቸው እጅጌ ላይ አልለቀቀም፤ ዛሬም በዚያው ሱፍ ነው የምንሸኛቸው።

በ2009 ዓ.ም. ረቂቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ፊት ቀረበና ጋሼ አንቀጽ እንዲያስረዱ ተጠሩ። አንድ የኮሚቴው አባል ነገሩ አልዋጥ አላቸው። ንግግሩ በቃለ ጉባኤው ላይ ስለሰፈረ እንዳለ እናነበዋለን።

«ሳይረኑ በስህተት ቢጮህና ሰው ቢሞት ማን ይጠየቃል?» አሉ አባሉ።

«ማንም አይጠየቅም» አሉ ጋሼ አንቀጽ።

«እንዴት ነው ማንም የማይጠየቀው?»

«የሚያስጠነቅቀው ሰው ፈርቶ እንዳይቆም የምንከፍለው ዋጋ ያ ስለሆነ ነው። አንድ ጊዜ በስህተት ወጥቶ መግባት ይሻላል። እኔ ሁለቱንም ዓይቻለሁ።»

«ይሄ ለመናገር ቀላል ነው። የሚሞተው ሰው የእርስዎ ቢሆንስ?»

«ያን ጊዜ ቤተሰቤ ይመልስልዎታል» አሉ።

ማሻሻያው በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጸደቀ። ዐሥራ ሰባተኛውና ዐሥራ ዘጠነኛው አንቀጾች ተሻሩ። የዚያን ቀን ቤት ገብተው ለባለቤታቸው የነገሯቸው «አለቀ» ብለው ብቻ ነው፤ ከዚያም ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብለው፣ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በኋላ፣ ለእቴቴ አለቀሱ።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሳንባቸው ታመመ። ከባለቤታቸው ጋር ወደ ተወለዱበት ከተማ ተመልሰው መኖር ጀምረው ነበርና የሚተኙት በዚያው ከተማ ሆስፒታል ነው። በዚህ ዓመት በሐምሌ መጀመሪያ ሕመሙ ሲጠናባቸው ምድር ቤት ባለው የወንዶች ክፍል፣ ከመስኮቱ አጠገብ ሁለተኛው አልጋ ላይ ተኙ። ሐኪሞቹ ኦክስጅን ካልተለያቸውና ብርድ ካልነካቸው በወር በሁለት ወር ሊሻላቸው ይችላል ብለውን ነበር።

ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ኃይለኛ ዝናብ እየጣለ ሳለ፣ የከተማው ሳይረን ጮኸ። ያስጮኹት የወንዙን ከፍታ የሚቆጣጠሩት ሴት ናቸው፤ በሥራው ላይ ሁለተኛ ወራቸው ነበር። መለኪያው ከቀዩ ምልክት በላይ አሳያቸው። ማንንም አልጠየቁም፤ መጠየቅም አይጠበቅባቸውም። የታችኛው ሰፈር በአምስቱ ደረጃዎች ወጣ። ሆስፒታሉም ሕመምተኞቹን አወጣ፤ ጋሼ አንቀጽን አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው በዝናቡ ውስጥ ኮረብታው ላይ አወጧቸው። ነርሷ ልጃቸው ጃንጥላ ይዛ ከጎናቸው ነበረች። «ዘንድሮም ቁስለኛው እኔ ነኝ?» አሏት። ቀጥለውም በስንት ደቂቃ እንደወጡ ሰዓት እንድታይላቸው ጠየቋት። ሰፈሩ በሃያ ሁለት ደቂቃ ባዶ ሆኖ ነበር። የተረገጠ ሰው የለም። አንድ ጫማ አልወደቀም።

ውሃውም አልመጣም። ከላይ የተነቀለ ግንድ መለኪያው ላይ ተሰንቅሮ ነው ቁጥሩን ያሳሳተው። ይህ እስኪጣራ ድረስ ሕመምተኞቹ ኮረብታው ላይ ሁለት ሰዓት ቆዩ። ሸራው ዝናቡን አልቻለውም፤ የኦክስጅን ጠርሙሱም በመካከል አለቀ። ሲመለሱ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። በማግስቱ የሳንባ ምች እንደያዛቸው ተነገረን።

ጠበቃዋ ታናሽ ልጃቸው በዚያው ሳምንት ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ከአባቷ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ በወንዝ ተቆጣጣሪዋ ላይ ክስ ጻፈች። ሕጉ እንደማይፈቅድላት ብታውቅም፣ በጥንቃቄ ጉድለት በኩል የሚያስገባ ቀዳዳ ፈልጋ አገኘች። ሦስት ገጽ ሆነ። አባቷ ምን እንደምትጽፍ ሲጠይቋት መዋሸት አቃታት። «አንብቢልኝ» አሏት። አነበበችላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ በሁለተኛው ገጽ ላይ ምክንያቱ ከፍሬ ነገሩ መቅደም እንደሌለበት ነገሯትና አስተካከለችው። ሲያልቅ ኦክስጅናቸውን ከአፋቸው አነሱ።

«ጥሩ ክስ ነው» አሏት። «እኔ ዳኛ ብሆን እቀበለው ነበር። ግን አታስገቢው።»

«አባዬ፣ ይቺ ሴትዮ እኮ ናት የገደለችህ።»

«እቴቴን ደግሞ ማን ገደላት?» አሉ።

ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ጋሼ አንቀጽ ባለትዳር፣ የሦስት ልጆች አባትና የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ የባለ ሳይረኑ ባለቤትና ልጆችም ከወዳጅ ዘመድ ጋር አብረው ዛሬ እዚህ ቆመዋል። ይህን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀችው ያን ክስ የጻፈችው ታናሽ ልጃቸው ናት። ሦስቱ ገጽ አሁን ከእሳቸው ጋር ነው፤ ከዚያች ከአጣሪ ኮሚቴው ገጽ ጋር አጥፋ በደረት ኪሳቸው ከታዋለች። ልቧ ገና አልበረደም፤ በርዷል ብላ ብትጽፍ እሳቸው ይሰርዙት ነበር።

የወንዝ ተቆጣጣሪዋ ዛሬ መጥተዋል። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ጥላ ይዘው ብቻቸውን መቆማቸውን አይተናል፤ ከጠዋት ጀምሮ ማንም ወደ እሳቸው ሲሄድ አላየንም። በዚህ ከተማ ባለ ሳይረኑንም ብቻቸውን ያቆምናቸው እንደዚያ ነበር። አባታችን ኮሚቴው ፊት ቤተሰቤ ይመልሳል ብለው ነበርና መልሳችን ይኸው ነው። ማንም አይጠየቅም። ከፊተኛው ረድፍ፣ ከእናታችን ቀጥሎ ያለው ወንበር ባዶ የሆነው ለእርስዎ ነው፤ ይምጡና ከእኛ ጋር ይቀመጡ። በሚቀጥለው ክረምትም መለኪያው ቀዩን ምልክት ሲያልፍ ማንንም አይጠይቁ፣ ያስጩኹት፤ እኛ እንወጣለን።

ፈጣሪ የጋሼ አንቀጽን ነፍስ ከእቴቴ ጎን፣ ውሃ በማይደርስበት ከፍ ያለ ስፍራ ያሳርፍልን። ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን።